ጠግቦ ዝም ያለው ማሾ

እትዬ ነሲባን መጀመሪያ የማውቃቸው በቤት አከራይነታቸው ነው። መርሳ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ስመደብ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጃቸው ኢብቲሳም ወልድያ አግብታ ሄዳለች። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ወደ ማታ ጣቶቻቸው ተሸብሽበውና ነጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ የዋሉ መስለው ይመለሳሉ። እኔም ምርምር ጣቢያው ውስጥ ዕቃ ወይም ልብስ የሚያጥቡ ነበር የሚመስለኝ። ጠይቄ አላውቅም። የሰው ሥራ መጠየቅ ነውር ነው እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር እንጂ እውነቱን ለመናገር ግድ አልሰጠኝም።

የሚያጥቡት ምን እንደሆነ ያወቅኩት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ጣቢያውን ልንጎበኝ የሄድን ቀን ነው። ከአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ስድስት ሴቶች በየሳፋቸው ፊት ተቀምጠው ከነአፈሩ የተነቀለ የማሾ ሥር ያጥባሉ። እኔ የናይትሮጅንን ዑደት በየዓመቱ የማስተምር ሰው አስረጂ አያሻኝም ብዬ አንዱን ሥር አነሳሁና ጀመርኩ።

«ይህች ሥሩ ላይ የምታዩዋት ዕብጠት ኖዱል ትባላለች። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ይኖራል። ሥሩ አጠገቡ ሲደርስ ይገባና...»

«ዝም ብሎማ አይገባም፣ መምህር።»

ዞር ስል የቤት አከራዬ ናቸው። እጃቸው ሳፋው ውስጥ ነው፤ ቀና እንኳ አላሉም። ተማሪ መምህሩ ሲታረም ምን ያህል ደስ እንደሚለው የታወቀ ነው፤ ሁሉም እኔን ትተው ወደሳቸው ተጠጉ።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚገባው?» አልኩ ኮስተር ብዬ።

«ተጠርቶ ነዋ! ሰው ቤት ስትሄድ ደጅ ቆመህ ‹ቤቶች!› ትላለህ፤ ከውስጥ ‹ደጆች!› ይሉሃል። እዚህ ግን ግልባጩ ነው። ቀድማ የምትጣራው ባለቤቷ ናት። ማሾዋ ሲርባት፣ አፈሩ የሚሰጣት ሲያጣ፣ ከሥሯ አንድ ነገር ታንጠባጥባለች። ሽታ በለው። አፈር ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ያን ሽታ ያውቁታል። የሷ የሆኑት ‹አለንልሽ› ብለው የራሳቸውን ይመልሱላታል። ይሄኔ የሥሯ ፀጉር እንዲህ ይላል፤» አሉና የተሸበሸበ ሌባ ጣታቸውን ቀለበት እስኪመስል ድረስ ቀስ አድርገው አጠፉት። «ታቅፈዋለች። ከዚያ ወደ ውስጥ መንገድ ትከፍትለታለች፤ ቤትም ትሠራለታለች። እሷ ስኳር ታበላዋለች፣ እሱ ከአየሩ ማዳበሪያ ያበስልላታል።»

«መልሱ ልክ ካልሆነስ?» አለች አንዷ ተማሪዬ።

«አትከፍትማ! የሽምብራ እንግዳ ማሾ ቤት አይገባም።»

ወጣቷ ተመራማሪ ህሊና መዝገቧን ታቅፋ ቆማ ትስቃለች። በኋላ ለብቻዋ ስጠይቃት የሽታው ስም ፍላቮኖይድ እንደሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ የሚመልሱት ደግሞ ኖድ ፋክተር እንደሚባል ነገረችኝ። «እኔ የምጨምርላቸው ስሙን ብቻ ነው» አለችኝ። እትዬ ነሲባ ሃያ ሁለት ዓመት ሥር አጥበዋል። ፊደል አልቆጠሩም። ዕብጠቱን ግን አንድ ባንድ ይቆጥራሉ፤ በጥፍራቸው ሰንጥቀው ውስጡን ያዩና ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ህሊና ትጽፋለች። ውስጡ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ከሆነ ገና ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ሥራውን ትቷል። ቀዩን የሚያቀላው ነገር የኛን ደም ለሚያቀላው ዘመድ ነው። ይህን እኔም በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሰንጥቀው ሲያሳዩኝ ቀናሁባቸው።

ጉዱ የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። እትዬ ነሲባ ወደ ጊራና በሚወስደው መንገድ ዳር ሩብ ሄክታር መሬት አላቸው፤ ለዓመታት ማሽላ ብቻ የተዘራበት፣ የደከመ መሬት ነው። እሳቸው ማሾ ልዝራበት አሉ፤ ያውም ያለ ዩሪያ፣ ህሊና በምታመጣው ሕያው ማዳበሪያ ብቻ። ሕያው ማዳበሪያ የሚሉት እነዚያኑ ባክቴሪያዎች የያዘ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ከዘር ጋር ተለውሶ ይዘራል። በሰፈራችን ግን ስሙ ጠፍቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ሴቶች እትዬ ነሲባን ሰምተው ዘራቸውን ለወሱበት፤ ከዚያ እንደ ደንቡ ዘር ፀሐይ ሳያይ አይዘራም ብለው ቁርበት ላይ አሰጡት። ባክቴሪያ ፀሐይ አይችልም። ሁሉም አለቀ፤ ማሾውም እንደ ወትሮው ኮሰሰ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱ «የነሲባ አመድ» ይባላል።

በሰኔ የቅሬ ስብሰባ ላይ የዚያ ዓመት ዩሪያ እንደሚያጥር ተነገረ። በኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ፣ አንድ ዕድር ነው፤ ለቅሶውም፣ የታመመ መጠየቁም፣ የእርሻው ችግርም በሱ ያልፋል። እትዬ ነሲባ ተነሱና የአመዳቸውን ነገር አነሱ። ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ዘንድሮ አንዲት ፍሬ ዩሪያ ሳልነካ ማሾ እዘራለሁ» አሉ። «ቅጠል ሳይሆን ፍሬ ታያላችሁ። ባይሆን፣ ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ እዚህ ቅሬ ፊት ስለ እርሻ አፌን አልከፍትም!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ይህ ቀላል መሐላ አይደለም። ባላቸው ሲሞቱ በሳቸው ፋንታ እየመጡ ሲቀመጡ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲናገሩ የሚሰማቸው አልነበረም። ከወንዶቹ መሐል ስለ ዘርና ስለ መሬት ድምፅዋ የሚሰማ ሴት እስከ ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያንንም ያገኙት አንድ በአንድ፣ የተናገሩት ልክ ሆኖ እየተገኘ ነው። አሁን ሁሉንም በአንድ ማሳ ላይ አስያዙት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዘሩ ሲለወስ እኔ ጃንጥላ ይዤ ሳፋው ላይ ጥላ ሠራሁ። በስኳር ውኃ ዘሩን አርሰው፣ ዱቄቱን ነስንሰው፣ ፍሬው ሁሉ ጥቁር ካባ እስኪለብስ እያገላበጡ አሹት። ወዲያው ዘሩት፣ ወዲያው አፈር አለበሱት። «ቢስሚላህ» አሉ፤ እኔም በሆዴ በስመ አብ አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ከወልድያ ስልክ ተደወለ። ኢብቲሳም ምጥ ጠንቶባት በቀዶ ጥገና ልትወልድ ነው። እትዬ ነሲባ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ባጃጅ ላይ ሲወጡ «መምህር፣ ማሾዋን አደራ» ብቻ አሉኝ።

በሄዱ በአምስተኛው ቀን ማሾው ገረጣ። መጀመሪያ የታች ቅጠሉ፣ ከዚያ ማሳው በሙሉ ቢጫ ሆነ። በቅሬያችን ልማድ አባል በወሊድ ወይም በሐዘን ሲርቅ ማሳው አይጣልም፤ ቅሬው ወጥቶ ያርምለታል። ሃያ የምንሆን ሰዎች ወጣን። የቅሬው ዳኛ አያ ሙሄዲን፣ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሽማግሌ፣ ማሳው ዳር ቆመው አንዲት ቢጫ ቅጠል በጣታቸው አገላበጡ።

«ይቺ ልጅ ልትዋረድብን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ከታማሚ ልጇ አጠገብ ሆና፣ እኛ ቆመን እናያለን?»

ቀጥሎ የሆነውን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል። በዩሪያ እጦት ሁሉም የራሱን ማሽላ ማዳበሪያ በስስት በሚቆጥብበት ሰሞን እያንዳንዱ ቤቱ ሄዶ አንድ አንድ ሳህን ዩሪያ ይዞ መጣ። አንዲት መበለት እንኳ ሩብ ጣሳ አመጣች። ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነው የሰጡት። ተሰልፈው በተኑ። ወሬው እንዳይወጣም ተማማሉ፤ መሐላዋ እንዲጸናላት፣ ሰው ሁሉ የጥቁሩ ዱቄት ሥራ ነው እንዲል።

እኔስ? እኔ ዩሪያ የለኝም፤ ሳህን ያዝኩላቸው። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «አፈሩ በናይትሮጅን ሲበለጽግ የኖዱል አሠራር ይገታል» እያልኩ የምጽፍ፣ ለፈተናም የማወጣ ሰው፣ አደራ የተቀበልኩት ሰው፣ በሁለት እጄ ሳህን ይዤ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ትዝ አላለኝም። የእግዜር ያለህ፣ ትዝ እንኳ አላለኝም! ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደና ሁሉንም አስገባው።

እትዬ ነሲባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። ኢብቲሳም ተርፋለች፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። ፊታቸው በድካም ቢከሳም ብሩህ ነበር። ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ማሳው ሄዱ፤ እኔም የምሥራች ነጋሪ ይመስል እየሮጥኩ ተከተልኩ። ማሾው ጫካ ሆኗል። ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰው የሚደብቅ። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ «ማሻአላህ!» ይላል።

እሳቸው ግን ቆሙ። ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ አደረጉ።

«አበባዋስ?» አሉ።

አንዱን ነቀሉና በቦዩ ውኃ አጠቡት። ሥሩ ነጭ ነው፤ አራት ወይም አምስት የጨፈገጉ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ዕብጠቶች ብቻ ተንጠልጥለውበታል። አንዱን በጥፍራቸው ጨመቁት። አረንጓዴ ውኃ ወጣው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነው ያበላት?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳህኑንም ጭምር። እትዬ ነሲባ ቦዩ ዳር ተቀመጡና አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«መገርጣቷ እኮ መጣራቷ ነበር» አሉ። «መጥተውላት፣ ቤት እየሠራችላቸው ነበር። ትንሽ ቀን ብትታገሷት ኖሮ! አሁን ጠገበች። ጠግባ ዝም አለች፤ የመጡትንም አስራበቻቸው። ቅጠሏን አይታችሁ አዘናችሁላት።»

እንግዶች ማሳውን የሚጎበኙበት የመስክ ቀን ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ህሊና ከሦስት ቀበሌ ገበሬ ጋብዛለች፤ የግብርና ባለሙያዎችም ይመጣሉ። እኔ ያጠፋሁትን ለመካስ ብዬ ሌላ ጥፋት መከርኩ። «እትዬ፣ ከኛ በቀር ማን ያውቃል? ዝም ይበሉ። ሰው ዱቄቱን ያምናል፤ በሚቀጥለው ዓመት በደንቡ ይዘሩና እውነት ይሆናል» አልኳቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ህሊናም፣ ከሷ በፊት የነበሩትም ‹ስንት ነው?› ሲሉኝ ያላየሁትን ቁጥር ብጠራላቸው ማን ያውቅብኝ ነበር?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ለኔ መዋረዱስ ግድ የለም። እነሱን ነው። አያ ሙሄዲን በስተርጅና ሳህን ተሸክመው የበተኑልኝን፣ በእንግዳ ፊት ‹አበላሻችሁ› ልበላቸው?»

አራት ቀን ሙሉ ምን እንደሚያደርጉ አላወቅኩም። እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም።

በመስክ ቀኑ ስልሳ የሚሆን ሰው ማሳውን ከበበ። አንዱ ባለሙያ ድምፅ ማጉያ ይዞ «እነሆ የሕያው ማዳበሪያ ፍሬ!» ብሎ ጀመረ። ጭብጨባ ሆነ። የኛ ቅሬ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ምሥጢር የያዘ ልጅ እንደሚሆነው፣ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ነሲባ ድምፅ ማጉያውን አልተቀበሉም። ማሳው መሐል ገብተው አንድ ትልቅ ማሾ ነቀሉና አፈሩን አራግፈው ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይሄ የሕያው ማዳበሪያ ሥራ አይደለም» አሉ። «ሥሩን እዩት። ባዶ ነው። ይሄ ዩሪያ ነው።»

ማን እንደበተነው አልተናገሩም። ባለሙያው ማጉያውን ወደ ታች አወረደ። ህሊና ቀላች። ሰው ሁሉ ሴትዮዋ ሲያታልሉ ኖረው አሁን የተናዘዙ መሰለው፤ ከኋላ አንዱ «ይኸው አመዷ!» ሲል ሰማሁ። እሳቸው ያን ሁሉ በፊታቸው ተቀብለው ዝም አሉ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ስማችንን ላለመጥራት ስማቸውን ሰጥተዋል።

ልናገር አፌን ስከፍት አያ ሙሄዲን ዱላቸውን አንስተው ቀደሙኝ። «እኛ ነን!» አሉ። «ያ ረቢ፣ እኛ ነን የበተንን! እሷ ወልድያ ነበረች፤ አንዲት ፍሬ አልነካችም። እንድትዋረድ አልወደድንም ነበር። ይኸው አዋረድናት!» ሽማግሌው ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔም አለሁበት» አልኩ። ድምፄ ግን ለራሴም አልተሰማኝ።

እትዬ ነሲባ ወደ ማሳው የታችኛው ጥግ፣ እዚያ ወደቆመው የቁርቁራ ዛፍ መራመድ ጀመሩ።

«ነሲባ! ወደዚያ አትሂጂ፣ ተርብ አለ!» ብለው አያ ሙሄዲን ጮኹ።

እውነታቸውን ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ የተርብ ቤት አለ። ዩሪያውን ስንበትን ሁላችንም ፈርተን ያንን ጥግ ዘልለነዋል። እሳቸውም ይህን ከጩኸቱ በፊት ያውቁታል፤ ማሾው እዚያ ዘንድ ቁመቱ አጠር፣ ቀለሙም ቀለል ያለ እንደሆነ ዓይናቸው አይቷል። ጎንበስ ብለው ገቡ። ሦስት ነቅለው ሲወጡ አንዱ ተርብ አንገታቸውን ነድፏቸው ነበር፤ እጃቸውን እንኳ ወደ አንገታቸው አልላኩም።

ሥሮቹን በቦዩ አጠቡ። ዕብጠቱ እንደ ጨሌ ተደርድሮ ነበር። አንዱን ሰነጠቁና ለአያ ሙሄዲን አቀረቡላቸው። ቀይ ነው፤ ትኩስ ደም የመሰለ። ሽማግሌው በጣታቸው ነክተው አዩት። ከዚያ ሥሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሰው ሁሉ በጥፍሩ ይሰነጥቃል፣ ያያል፣ ለጎረቤቱ ያሳያል። ድምፅ ማጉያው የዚያን ቀን ከዚያ በኋላ አልተፈለገም።

እትዬ ነሲባ ግን መሐላቸውን አልረሱም። «ያልኩት ያለ ዩሪያ ነበር፤ ዩሪያ ገብቷል። ፍሬ ታያላችሁ ብዬ ነበር፤ ገና አላያችሁም» ብለው በጳጉሜም በመስከረም መጀመሪያም ቅሬው ሲሰበሰብ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተቀምጠው ሄዱ። ሰው ይጠይቃቸዋል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ በግቢያችን ስለምናቸው እንኳ «ቃል ነው፣ መምህር» ይሉኛል። ተናደድኩባቸው፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው ዳግም አይገጥመኝም አልኩ።

ማሾው ሲደርስ አያ ሙሄዲን ራሳቸው መጡ። ከጥጉ ስምንት እርምጃ በስምንት እርምጃ ለኩ፤ ከጫካውም እንዲሁ። ተለይቶ ታጨደ፣ ተለይቶ ተወቃ። ያ ሁሉ ቅጠል ሁለት ጣሳ ሰጠ። የቁርቁራው ጥግ፣ ጥላ እያለበት፣ ሦስት ጣሳ ሞልቶ ተረፈ። አያ ሙሄዲን ጣሳውን ሦስት ጊዜ ገልብጠው እንደገና ለኩት። ያው ሆነ።

በጥቅምት ስብሰባ ላይ ሽማግሌው ሁለቱን ክምር በጨርቅ አስመጥተው መሐል አስቀመጡ። «ነሲባ፣ ቃልሽ ቆሟል። ፍሬውን አይተናል። በይ አሁን ተናገሪ» አሉ።

ሁሉም ጠበቀ። ሁለት ወር የታፈነ ነገር ይወርድብናል ብዬ እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ደግሞም ይገባኝ ነበር። እትዬ ነሲባ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አላህ ይስጥልኝ» አሉ። «ከልጆቻችሁ አፍ ነጥቃችሁ ነው የሰጣችሁኝ፤ አልረሳውም። ግን እንደገና ስታዝኑልኝ፣ መጀመሪያ ጠይቁኝ።»

ተቀመጡ። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመሩም። ማንም አላጨበጨበም፤ የሚጨበጨብለት ነገር አልነበረም። ከዚያ አያ ሙሄዲን፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያረሱ፣ ስለ ዘር ሴት ጠይቀው የማያውቁ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው እጠይቅሻለሁ፣ ነሲባ» አሉ። «ለኔ ማሳ ምን ይሻለዋል?»

እትዬ ነሲባ የተሸበሸቡ ጣቶቻቸውን አጣምረው ትንሽ አሰቡ።

«መጀመሪያ አፈርዎን ልየው» አሉ።